ባሕር ላይ ያሉት ስድስት መቶ ቆቦች

ሰው የሚጠፋው በስንፍናው ነው ሲባል እንሰማለን። እንዲህ የሚሉት የተማሩት ናቸው። ካርቶን ግን የሚወዳትን ልጅ ለሞት አሳልፎ ሊሰጣት የተቃረበው በስንፍናው አልነበረም፤ በጉብዝናው ነበር።

ካርቶን ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ዕቃ አሻጊ ነው። የሚሠራበት ድርጅት የቴኳንዶና የካራቴ ዕቃ በመርከብ ወደ ሌላ አገር ይልካል፤ ነጭ ልብስ፣ ቀበቶ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ የእንጨት ሰይፍ። ከሁሉም በላይ ግን ተጋጣሚዎች ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁትን፣ ውስጡ ስፖንጅ ላዩ ሰው ሠራሽ ቆዳ የሆነውን የራስ መከላከያ። መጋዘን ውስጥ ይህን ረጅም ስም የሚጠራ የለም። «ቆብ» ነው የሚሉት።

መጋዘኑ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በአንደኛው ጫፍ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቢሮ አለ። ላይ ያሉት ታች ያሉትን ያያሉ። ታች ያሉት ደግሞ ቀና ካሉ የላዮቹን የጫማ ሶል ያያሉ።

ካርቶን ትምህርት ያቋረጠው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የሒሳብ አስተማሪው በክፍሉ ልጆች ፊት አቁሞት፣ «ይኸውላችሁ፣ ሲያንኳኩት የሚጮኽ ራስ ባዶ ነው» ብሎ በጠመኔ ሣጥን አናቱን ኳ አደረገው። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪው ይህን በማግስቱ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ካርቶን ያንን ሳቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸክሞት ኖረ።

ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል፤ አንድ ልማድ ነበረው። ከየጥቅሉ አንድ ቆብ ያወጣል፣ ያጠልቃል፣ ማሰሪያውን አገጩ ሥር ያጠብቃል፣ ከዚያ ከመጋዘኑ የብረት ምሰሶ ጋር ራሱን ያጋጫል። ምንም ካልተሰማው ጥቅሉን ያሽጋል። ማንም አላዘዘውም። ሲጠየቅ፣ «ሰው ራስ ላይ የሚወጣ ዕቃ በሰው ራስ ካልተፈተነ በምን ይፈተናል?» ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንዲህ ምሰሶውን ሲማታ ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

ዞረ። ከመስታወቱ ክፍል የወረደች፣ እጇ ላይ ወረቀት የያዘች ልጅ ናት።

«ማ?»

«ምሰሶው ነዋ።»

የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ናት፤ የላኪ ሰነዶችን የምትጽፈው እሷ ነች። ከሥራ በኋላ ቴኳንዶ ትሠራለች። እግሯ ረጅም፣ አረማመዷ ሊዘል የተዘጋጀ ስለሚመስል የመጋዘኑ ሰዎች ፌንጣ ይሏታል። ካርቶን እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጫማዋን ሶል እንጂ ፊቷን በቅርብ አላየውም ነበር።

«አርባ ሁለተኛው ካርቶን ላይ ሃያ ዘጠኝ ቀበቶ ብለህ ጽፈሃል» አለችው። «የፋብሪካው ወረቀት ሠላሳ ነው የሚለው።»

«ፋብሪካው አልቆጠረም። እኔ ቆጥሬያለሁ።»

«እንቁጠራ።»

መሬት ቁጭ ብለው ቆጠሩ። እሷ ታወጣለች፣ እሱ ይደረድራል። ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ፌንጣ ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች።

«ይቅርታ» አለች።

ካርቶን ብድግ አለ። ስምንት ዓመት ሲሠራ ከዚያ ደረጃ ወርዶ ይቅርታ ያለ ሰው አላየም። ቆቡን ከራሱ ማውለቁን እንኳ ረስቶ፣ ላብ በጉንጮቹ እየወረደ፣ ደረጃውን ወጥታ እስክትጨርስ ቆሞ አያት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ታች የሚወርደው ሰነድ በዛ። በሚዛኑ አጠገብ ሁሌም በርጩማ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ ባለሚዛን ነገሩ ገባው።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ናት ወረቀቱን የምታመጣው ወይስ ወረቀቱ ነው እሷን የሚያመጣት?»

«ሥራ ነው አባባ።»

«ሥራማ ነው። እኔም ሚስቴን ያገኘኋት ሥራ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ አላረፍኩም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶንና ፌንጣ ተቆልሎ ጭነት በሚጠብቅ የልምምድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እሷው ቆብ አጠለቀችለት።

«ግንባርህን ምን ያስመታሃል?» አለችው። «እርግጫ ከፊት አይመጣም። እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፤ ከጎን።» መዳፏን ግራ ጆሮው ላይ፣ በቆቡ ላይ አድርጋ ጫን አለች። እጇን አላነሳችም።

«ምን ይሰማሃል?»

«ባሕር።»

«ውሸታም። ባሕር መቼ አይተህ ታውቃለህ?»

«በየሳምንቱ ዕቃ እልክለት የለ? እንዴት አላውቀውም?»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ እውነቱን ነበር። እጇ ሥር እየሄደ የሚመጣ፣ የማያቋርጥ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ነበር።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጥሩ ነገር መቆሚያውን አያውቅም።

መርከብ ላይ ጭነት የሚከፈልበት በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታም ነው። ቆብ ደግሞ ክብደት የሌለው፣ ቦታ ግን የሚፈጅ ዕቃ ነው፤ እንደ አንዳንድ ሹም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ይህን ያህል አየር በመርከብ እየላክን እንከስራለን!» እያለ ጮኸ።

ካርቶን ከታች ሆኖ፣ «አየሩን እናስወጣዋ» አለ።

ላይ ያሉት ሳቁ። ያንኑ የስድስተኛ ክፍል ሳቅ ሳቁ።

እልኽ ያዘው። ቆቦቹን በወፍራም ላስቲክ ከረጢት እየከተተ አየሩን በአቧራ መምጠጫ ማሽን ሳበው፤ ከዚያ በሁለት ጣውላ መሀል አስገብቶ በአራት ብሎን ጨመቃቸው። በሁለተኛው ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ቆብ ይይዝ የነበረው ካርቶን ሠላሳ ያዘ። ሥራ አስኪያጁ በእግሩ ወርዶ አየ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ለካ ጭንቅላት አለህ!» አለው።

ካርቶን ቤቱ ሲገባ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሰሶውን መምታት ተወ። ጭንቅላት እንዳለው በአደባባይ የተመሰከረለት ሰው ጭንቅላቱን ከብረት ጋር አያጋጭም።

ደስ ያላለው ባለሚዛኑ ብቻ ነበር። ሽማግሌው እያንዳንዱን ካርቶን ሚዛን ላይ ሲያወጣ በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ በደንብ የታሸገ ካርቶን «ቧ» ብሎ ይመልሳል። የተጨመቁትን ቆቦች ሲመታ ምንም አልመለሱም። ደገመ። ዝም።

«ትንፋሽ የላቸውም» አለ። «እኔ እንጃ። ዕቃ ሳይሆን ሬሳ የምንሸኝ መሰለኝ።»

«አያሟርቱ አባባ» አለ ካርቶን።

በዚህ ዘዴ መጀመሪያ ሁለት ትንንሽ ጭነቶች ሄዱ። ከዚያ ትልቁ መጣ። ባሕር ማዶ ለሚደረግ ትልቅ የቴኳንዶ ውድድር አዘጋጆቹ ስድስት መቶ ቆብ አዘዙ። ደንባቸው ጥብቅ ነው፤ ማንም ተወዳዳሪ የራሱን ቆብ ይዞ አይገባም፣ ሁሉም አዘጋጁ ካቀረበው ውስጥ በዕጣ የደረሰውን ያጠልቃል። ደንቡን ተርጉማ የተየበችው ፌንጣ ነች። ያን ጊዜ እሷም ለዚያው ውድድር ማጣሪያ ገብታ ነበር።

ኮንቴይነሩ ሞልቶ ተዘጋ። የብረት በሩ ሲገጥም የተሰማው ድምፅ መጋዘኑን ከዳር እስከ ዳር አንቀጠቀጠው። ጉዞው አርባ አምስት ቀን ነው። ፌንጣ መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ካርታ፣ በሰማያዊው መሀል፣ ቀይ ስፒል ሰካች፤ በየሰኞው ትንሽ ታስጠጋዋለች። ካርቶን ከታች ሆኖ ስፒሉ ሲጓዝ ያያል። ኩራቱ እንጂ ሌላ ነገር የሚሄድ አይመስለውም ነበር።

መርከቡ በተነሣ በሳምንቱ ፖስተኛው አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። በር ላይ ያገኘው ካርቶን ፈርሞ ተቀበለ። የፌንጣ ነው፤ ፖስታው ላይ የውድድሩ ማኅተም አለ። አለፈች ማለት ነው። ልትሄድ ነው ማለት ነው።

ካርቶን በሕይወቱ የላከው ነገር ተመልሶለት አያውቅም። ዕቃ ይሄዳል፤ ካርቶን ይሄዳል፤ መርከብ ይሄዳል። እሷም ረጅም እግር አላት፤ እዚያ ትልልቅ ማሠልጠኛ አለ፤ የተማሩ ወንዶች አሉ። ደብዳቤውን የሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ የፕላስተር ጥቅሎቹ መሀል ሸጎጠው። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር ያሰበው። ሦስት ቀን ሆነ። በአራተኛው ቀን ፖስተኛው ራሱ ፌንጣን መንገድ ላይ አግኝቷት፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ለአሻጊው የሰጠሁት ደብዳቤ ደረሰሽ አይደል?» አላት።

በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች፤ ካርቶን ደብዳቤውን ከሥሩ አውጥቶ ሰጣት። አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

«ሦስት ቀን አብረን ምሳ ስንበላ ደብዳቤዬ እግርህ ሥር ነበር?»

«ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ አመንኩህ። የማን ይብሳል?»

ከዚያ ወዲያ አልወረደችም። ሰነዱን ደረጃው ራስ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ምንጣፎቹ ተጭነው ሄዱ፤ ምሳውን ቆሞ ይበላ ጀመር። ስፒሉ ብቻ በየሰኞው ይጠጋል።

መርከቡ በተነሣ በሠላሳ አንደኛው ቀን አንድ ነገር ሆነ። ካርቶን የላከው ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሰለት።

ከሁለቱ ትንንሽ ጭነቶች አንደኛው ነው። ወረቀቱ ላይ ስህተት ተገኝቶ ከደረሰበት ወደብ ሳይከፈት ተመልሶ መጣ። ካርቶን በምላጭ ከፈተው። ላስቲኩን ሲቀድ አየር ሲስብ ተሰማ፤ ቆቦቹ ግን አልተነፉም። እንደተረገጠ ጫማ ጠፍጥፈው ቀሩ። አንዱን አንሥቶ አውራ ጣቱን ጫነበት። ጣቱን አነሣ። ጉድጓዱ ቀረ። እስከ መቶ ቆጠረ። ጉድጓዱ አሁንም አለ።

በማግስቱ ፀሐይ ሲከር የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዘረጋቸው። ቀትር ሲሆን ወጥቶ ቢያይ አንድ በአንድ ተነፍተዋል፤ ከአዲስ ይበልጥ ያምራሉ። በአውራ ጣቱ ቢጫናቸው ቶሎ ይመለሳሉ። ብቻውን ጣሪያው ላይ ሳቀ። እግዚአብሔር ይመስገን አለ፤ ሞቅ ሲላቸው ይድናሉ።

አንዱን ይዞ ወረደ። ልቡ አርፏል፤ እግሩ ግን አላረፈም፤ በድሮው ልማድ ወደ ምሰሶው ወሰደው። አጠለቀ። አጠበቀ። ራሱን አጋጨ።

ሲነቃ ወለሉ ላይ ነው። ባለሚዛኑ ውኃ ያፈስበታል፤ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል።

«ልጄ! ምን ነካህ?»

«ሞተዋል።»

«እነማን?»

«ቆቦቹ። ያበጡት ስለዳኑ አይደለም፣ አባባ። የሞተም ያብጣል።»

ሽማግሌው መልስ አልሰጠም። ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። ስፒሉ ከሰማያዊው ሊወጣ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል።

ካርቶን አፍንጫው ውስጥ ጥጥ እንደወተፈ ደረጃውን ወጣ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ ሰማው። ካርቶን በቃሉ አላበቃም፤ መስኮቱ ላይ የነበረውን የአበባ ሸክላ ቆቡ ውስጥ ከትቶ በመዶሻ እጀታ መታው። ሸክላው ደቀቀ፤ አፈሩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ሸክላ ድሮም ይሰበራል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ አፈሩን ከእጅጌው እያራገፈ።

«ጋሼ፣ ስድስት መቶ ሰው ራስ ላይ የሚወጣ ነው።»

«ያ ወደብ ሞቃት አይደል? እዚያም ይነፋል አላልክም? አምሮ ይወጣል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንተ ማነህ?»

ሰውየው ድምፁን አለዘበ፤ «ስማ፤ መጋዘኑን ለአንተ ልሰጥህ እያሰብኩ ነው። ኃላፊ ትሆናለህ። ይህን ዘዴ የፈጠርከው አንተ ነህ፤ አንተው ታፈርሰዋለህ?» አለው።

«የእህትዎ ልጅ አንዱን ልታጠልቀው ነው!»

«የራሷን ይዛ ትሄዳለች።»

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«ለእኔ ነው ደንብ የምታስተምረው? ስፖርት ነው፤ እርግጫ ያማል። በል ውረድ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የተመለሱት ቆቦች ከመጋዘኑ ጀርባ ተከምረው ጋዝ ተርከፈከፈባቸው። የሚቃጠል ስፖንጅ ጥቁር ጭስ አለው፤ ልብስ ላይ ይቀራል። ካርቶን አንዷን ብቻ አተረፈ። ጠረጴዛው ሥር፣ ደብዳቤው በነበረበት ቦታ ሸጎጣት።

ፌንጣ የምትበረው ዓርብ ነው። ረቡዕ ቀትር ላይ ሁሉም ምሳ ሲወጣ ካርቶን ደረጃው ሥር ጠበቃት። ሁሉንም ነገራት። ስታዳምጠው ፊቷ እየተዘጋ ሄደ፤ ልክ እንደዚያ ኮንቴይነር።

«ሦስት ቀን ደብዳቤዬን ደበቅህ፤ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ደግሞ ቆብ አመጣህልኝ። በሚቀጥለው ምንድን ነው የምታመጣው? አውሮፕላኑ ክንፍ የለውም ልትለኝ ነው?»

«ተመልከቺው እባክሽ።»

ተቀበለችው። አገላበጠችው፤ ጫነችው፤ ተመለሰ። «ይሄ? ይሄ እኮ እኔ ከምለማመድበት ይሻላል!»

«ምሰሶው ጣለኝ።»

«ምሰሶ ብረት ነው። እኔ የምጋጠመው ከሰው ጋር ነው።» ልትሄድ ዞረች።

«እንግዲያው ርገጪኝ።»

ቆመች።

«ልምምድ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ነው ሰው ራስ የምትረግጪው?»

«ሃምሳም ስልሳም። ምን አገናኘው?»

«ቆብ ያጠለቀ ሰው ወድቆብሽ ያውቃል?»

«በጭራሽ። እንዲያውም ይስቁብኛል።»

«ስለዚህ ቆቡ ደኅና ከሆነ እስቅብሻለሁ። ውሸታም ነኝ ማለት ነው፤ ሂጂ፣ ሻንጣሽን ተሸክሜ እሸኝሻለሁ። ሁለተኛ ስምሽንም አልጠራም።»

«አብደሃል። እዚያ ከረጢት ላይ ልርገጠው።»

«ከረጢት ይናገራል? ለአጎትሽ ሸክላ ሰብሬ አሳይቻቸዋለሁ፤ ሸክላ ድሮም ይሰበራል አሉኝ። የእኔን ቃል አምኖልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ራሴን እመኚልኝ።»

ቆቡን አጠለቀ። ማሰሪያውን እሷ ቀርባ አጠበቀችለት። ጣቶቿ አገጩ ሥር ትንሽ ቆዩ። ደብዳቤው ከተገኘ ወዲህ ሲነካኩ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አለ፤ ከቁጣው ኋላ የቆመ ሌላ ነገርም አለ፤ ካርቶን ያንን ሌላውን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ መፍራቱን ተወ።

«በግማሽ ጉልበቴ ነው» አለች። «ካንተ ጋር ለመጨረስ ነው እንጂ...»

«ከጎን አድርጊው። ከግራ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

እግሯ ከመሬት ሲነሣ አላየውም። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቋቋ፤ ግራ ጆሮው ውስጥ ያ ባሕር መጣ፤ ከሩቅ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ከዚያ ዝም አለ።

ባለሚዛኑ በጩኸቷ እየተንገዳገደ ደረሰ። ፌንጣ መሬት ላይ ተንበርክካ የካርቶንን ራስ ታቅፋለች። ቆቡን አውልቃዋለች፤ በግራ በኩል፣ ቆንጆው ቆዳ ሥር፣ ስፖንጁ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈርፍሮ እጇ ላይ ፈሷል።

«በግማሹ ነው!» ትላለች። «አባባ፣ በግማሹ ነው የረገጥኩት! በግማሹ!»

ካርቶንን ሐኪም ቤት ካስገባች በኋላ፣ ልብሷ ላይ ያለውን ደም ሳትለውጥ፣ ደረጃውን ወጥታ ለውድድሩ አዘጋጆች ጻፈች። የቆቦቹን ቁጥር፣ የአስተሻሸጉን ዘዴ፣ የሆነውን ሁሉ ዘረዘረች፤ ከታች ፈረመች። አጎቷ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄ ፊርማሽ ድርጅቱን ነው የሚያፈርሰው፤ አውቀሽዋል?»

«እግሬ ሰው አፍርሷል፣ አጎቴ። ፊርማዬ ምን ይከብደዋል?»

ደብዳቤው ከመርከቡ ቀድሞ ደረሰ። ስድስት መቶው ቆብ ወደብ ላይ አንድ በአንድ በቢላዋ ተቀደደ፤ አዘጋጆቹ ከሌላ ቦታ ሌላ አመጡ። ካርቶንን ከሥራ ያሰናበቱት ሐኪም ቤት አልጋ ላይ እያለ ነው፤ የስንብት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት «ዕቃ በአግባቡ ባለማሸግ» ይላል። ሐሰት አይደለም። የፈረመው ሰው ግን ትከሻውን መታ መታ ያደረገው ያው ሰው ነው።

ሐኪሙ የግራ ጆሮው እንደማይመለስ ሐሙስ ጠዋት ነገረው። ፌንጣ አልሄድም አለች። ካርቶን፣ «ሂጂ» አላት። «የደበቅሁብሽን መልሼ ልስጥሽ።» ከአልጋው ተነሥቶ፣ ሻንጣዋንና ልብሷን አስመጥቶ፣ ራሱ አዘጋጀላት። አንድም ልብስ አልጫነም፤ ሁሉንም እንዳለ፣ አየሩን እንደያዘ ደረደረው። ሻንጣው አልዘጋ አለ። ፌንጣ እያለቀሰች ሳቀች፤ ግማሹን በላስቲክ ተሸክማ ሄደች።

ከዚያ ሌላ መጠበቅ ተጀመረ። አሁን ስፒል የሚያስጠጋለት የለም። ቤቱ ውስጥ ቀኝ ጆሮውን ወደ በር አድርጎ ይቀመጣል። ራሱ ግራ በኩል ባዶ ክፍል ሆኖበታል፤ አንዳንዴ ከዚያ ክፍል የሳቅ ድምፅ የሚሰማው ይመስለዋል። መኪና ሲቆም ይነሣል፤ መኪናው ይሄዳል፤ ይቀመጣል። የላከው ነገር አይመለስም፤ አንዴ ሲመለስም ምን ይዞለት እንደመጣ ያውቀዋል።

በዘጠነኛው ቀን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ አጠገቡ ተቀምጣለች። በግራው በኩል ስለመጣች አልሰማትም። አፏ ይንቀሳቀሳል። ተነሥታ ዞረች፤ ወደ ቀኙ መጣች።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ተሸነፍኩ ነው የምልህ! ምን ዝም ትላለህ?»

«ተመለስሽ?»

«ምነው? ተጭኜ የመጣሁ መሰለህ? አውራ ጣትህን ሞክር።»

አውራ ጣቱን ጉንጯ ላይ ቀስ ብሎ ጫነ። አነሣ። ጉንጯ ተመለሰ፤ እንዲያውም ከፈገግታዋ ጋር ከቦታው አልፎ ወጣ። ካርቶን ያኔ ነው ያለቀሰው።

ተጋቡ። አጎቷ አልመጣም፤ ባለሚዛኑ መጥቶ ሙሽራውን ከወገቡ ጠምጥሞ አነሣና፣ «ክብደቱ ልክ ነው!» አለ። አሁን አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ለሌሎች ነጋዴዎች ዕቃ ያሽጋሉ፤ እሱ ያሽጋል፣ እሷ ሰነዱን ትጽፋለች። ምሰሶ መምታት ሐኪም ከልክሎታል። ሲሄዱ ሁልጊዜ በቀኙ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከሁለቱ ትንንሽ ጭነቶች የተመለሰው አንዱ ነው። ሌላው ደርሷል፤ ስሟ ለመጥራት በምታስቸግር ትንሽ ከተማ፣ ለሕፃናት ማሠልጠኛ። ሠላሳ ቆብ፣ ሁሉም በሕፃን ራስ ልክ። ፌንጣ ሦስት ጊዜ ጻፈችላቸው። የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምትከፍተው እሷ ናት። ካርቶን ፖስተኛውን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፤ መልስ መጣ ወይ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም መጣም አልመጣም ብላው አታውቅም።

በየምሽቱ ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተነሥታ ወደ ግራው ትዞራለች። መዳፏን በዚያ በማይሰማው ጆሮው ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ ከንፈሯን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ የሆነ ነገር ትነግረዋለች። ትንፋሿ አንገቱን ያሞቀዋል። ቃሉ አይሰማውም።

በመጀመሪያው ሰሞን፣ «በቀኙ ድገሚልኝ» ይላት ነበር።

«ይሄ ለዚያኛው ነው» ትለዋለች።

ፍቅር ነው እንጂ ምን ይሆናል፣ ይላል ለራሱ። ሆኖም አንዳንድ ቀን ድምፅ አልባው ትንፋሽ ሲረዝም ጉንጩ ላይ እርጥብ ነገር ይሰማዋል፤ ሠላሳዎቹ ትንንሽ ቆቦች ትዝ ይሉታል፤ ያን ጊዜ እጇን አጥብቆ ይይዛታል፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፣ እንድትደግምለትም አይለምናትም።